ያልተቆላ አጃ

አልታየች የአጃ ብስኩት መጋገር ከማንም አልተማረችም። አባቷ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ከአንኮበር በታች ባለች አንዲት አጥቢያ ማሕሌት የሚመሩ፣ ከአገልግሎት ሲመለሱ ደግሞ እርፍ የሚጨብጡ ሰው ነበሩ። ማሳቸው ውርጭ ስለሚመታው ከገብሱ ጎን አጃ ይዘሩ ነበር። በቤታቸው አጃ አጥሚት ነው፣ ቂጣ ነው፣ ለእንግዳም ለልጅም ይቀርባል፤ የሚያፍርበት ሰው አልነበረም። ተድራ ደብረ ብርሃን ስትገባ የጎረቤት ሴቶች ለበዓል የስንዴ ብስኩት ሲጋግሩ አየችና ይሄ ነገር ባጃ ቢሆንስ አለች። የአጃውን ዱቄት በቅቤና በማር አሸችው፣ በእንቁላል ለወሰችው፣ ድቡልቡሉን በመዳፏ እየደፈጠጠች ድስት ውስጥ ደረደረችና ከላይም ከታችም ፍም አድርጋ አበሰለችው። ዳር ዳሩ ቀላ ያለ፣ ሲነክሱት የሚፈረፈር፣ ለውዝ ለውዝ የሚል ነገር ወጣላት። ብቻዋን ማጀት ውስጥ ቆማ ሁለቱን በልታ ሳቀች።

ባሏ ወገኔ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ፎርማን ነበር። ቁመናው ያማረ፣ አለባበሱ የጸዳ፣ ጨዋታ አዋቂ የሚባል ሰው ነው። እሱ ባለበት ሳቅ አይጠፋም። ሳቁ ግን ሁልጊዜ የሚሳቅበት ሰው ይፈልጋል፤ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ኮልታፋ ሠራተኛ ነበረለት፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አልታየች ነበረችለት። የባላገር አነጋገሯን እየቀዳ እንግዳ ያስቅባት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ልጃቸው ማኅደረማርያም ክርስትና የተነሣች ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ የፋብሪካው ሰው፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ሞላ። አልታየች ለዚህ ቀን ብላ አባቷ በላኩላት አጃ ብስኩት ስትጋግር ነበር የሰነበተችው። ከምሳ በኋላ በትልቅ ትሪ ደርድራ ራሷ ይዛው ወጣች። ወገኔ አንዱን አንሥቶ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ብስኩት ነው።»

«በምን የተሠራ?»

«ባጃ። ማርም አለው፣ ቅመሰው።»

አልቀመሰውም። ቆረሰና አሸተተው፤ ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ «ሰዎች፣ ይቅርታ፣ ሚስቴ በቅሎ የጠራች መስሏት ገፈራ አቅርባለች» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን በዚህ አላበቃም። ወደ በሩ ወጣና በመንገድ የሚያልፍ ባለ ጋሪ አስቆመ። ፈረሱን ከጋሪው አስፈትቶ ግቢ ውስጥ አስገባው።

«ያዥለት» አላት።

አልታየች የቀልዱን መስሏት ፈገግ እንዳለች ቆመች።

«ያዥለት አልኩሽ።»

ትሪውን በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘች። ፈረሱ ወፍራም ከንፈሩን አሾልኮ ብስኩቱን እየሰበሰበ መብላት ጀመረ፤ ልጋጉ በእጅ አንጓዋ ላይ ወረደ። የወገኔ የሥራ ባልደረባና ጓደኛው ተስፋሚካኤል የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ፈረሱ ትሪውን ልሶ እስኪጨርስ አልታየች ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ ቀን ወዲያ በሰፈሩ ስሟ «ገፈራ»፣ የጋማ ከብት ቀለብ፣ ሆኖ ቀረ። ብስኩትም አልጋገረችም።

ሌላም ብዙ አለ፤ ሁሉን ማንሣት አያስፈልግም። አንዱን ግን መናገር ግድ ነው። መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ሲሞቱ መርዶው የደረሰው ለወገኔ ነበር። ያን ቀን ከፋብሪካ እንግዶች ጠርቶ ስለነበር ዝም አለ። አልታየች እንደወትሮዋ ወጥ ስታወጣ፣ ጠላ ስትቀዳ፣ ሲቀልዱባት ስትስቅ ዋለች። በነጋታው ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ «አባትሽ ትናንት ተቀብረዋል» አላት።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እንግዶቼን ማን ያበላልኝ ነበር?»

እሱ እያየ አላለቀሰችም።

ዓመታት አለፉ። ማኅደረማርያም አደገች፤ ደብረ ሲና የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው አግብታ እዚያው ኑሮ መሠረተች። ለሷ ወገኔ ሌላ ሰው ነበር። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት፣ ስትታመም እንቅልፍ የማይወስደው አባት። ይህ ውሸት አይደለም። ወገኔ ልጁን እንደዚያ ይወድ ነበር።

ጡረታ በወጣ ማግስት፣ አንድ ማለዳ በረንዳው ላይ ጢሙን እየተላጨ ሳለ መስታወቱ ከእጁ ወደቀ። ሆስፒታል ሰንብቶ ሲመለስ ቀኝ ጎኑ ከፊቱ እስከ እግሩ ሰንፎ ነበር። ከአፉ ቃላት ሁሉ ተለቅመው አንድ ብቻ ቀርታዋለች፤ «እሺ።» ሐኪሙ የሚነገረውን ሁሉ እንደሚረዳ፣ መመለስ ብቻ እንዳቃተው ነገራቸው። ምግቡ ለስላሳ እንዲሆን፣ አጃ ቢለምድ ጥሩ እንደሆነም መከረ።

ማኅደረማርያም ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨንና በቆርቆሮ የታሸገ አጃ ገዝታ መጣች። አልታየች ቆርቆሮውን አየችና «የኛ አጃ እያለ የፈረንጅ ምን ይሠራል?» ብላ አንኮበር ላለው ወንድሟ ደወለች። አጃው በጆንያ መጣ። ገለባውን አበጠረች፣ ቀለሙ ደብዘዝ ብሎ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ በዝግታ ቆላችው፣ አስፈጨችው። አጃ ሳይቆላ ከተፈጨ ሰንበት ሲል ይመራል፤ ሙቀት ያለበት አገር ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይመራል። ይህን ባጃ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ብዙ ዓመት ያልነካችውን ሊጥ ለወሰች። እጇ አልረሳውም ነበር።

ወገኔ አጥሚቱንም ሾርባውንም እየተፋ ከስቶ ነበር። ብስኩቱን በሞቀ ወተት ነክራ ስትሰጠው ግን ዋጠው። ሌላም ጨመረችለት፤ ዋጠው። እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ። እንዲህ የታመመ ሰው ያለ ምክንያት እንደሚያለቅስ ሐኪሙ ነግሯቸው ስለነበር አልታየች ምን ብላ እንደምትወስደው አላወቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ምግብ አልቀበልም አለ።

«ሻይ ላምጣልህ?» ትለዋለች።

«እሺ።»

«መስኮቱን ልዝጋው?»

«እሺ።»

በዕድሜው ለማንም እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንጀቷን በላት። እንዳዘነችለት ስታውቅ ደግሞ በራሷ ተናደደች። አንድ ቀን ብስኩቱን ነክራ ወደ አፉ ስታቀርብ እጇ መሃል ላይ ቆመ።

«ይሄ የፈረስ ምግብ ነው?» አለችው።

«እሺ» አለ፣ ዓይኑ ብስኩቱ ላይ።

«ታዲያ አንተ ፈረስ ነህ?»

ዓይኑን ወደሷ አነሣ። እንደገባው አወቀች። እጇን ግን አላነቃነቀችም።

«ፈረስ ነህ ወይ?»

«እሺ» አለ።

አጎረሰችው። ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሏት ዋለች።

ከዚያ ወዲያ ሳይጠየቅ የጎረሰበት ቀን የለም። አንዳንድ ቀን አባቷን ታነሣበታለች፤ «የአባቴን መርዶ የደበቀኝ ውሻ ነው አይደል?» ትለዋለች። እሺ እስኪል ትጠብቃለች፤ እሺ ይላል፤ ይጎርሳል። እንቢ ለማለት ሲፈልግ አፉን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያኔ ብስኩቱን ሰሐን ላይ አድርጋ ዓይኑ ከሚያየው፣ እጁ ከማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ረሃቡ ሲበረታ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» እያለ ይጣራል። አንድ ጊዜ በደህና እጁ የቀሚሷን እጅጌ ይዞ አልለቅም አላት። ብስኩት ፈልጎ ይሁን ሌላ ነገር ሊላት ፈልጎ አላወቀችም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቃ እጁን ብርድ ልብሱ ሥር መለሰችው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሌላ ሰው ቢኖር ንጋቷ ነበረች። ንጋቷ ከወለጋ ተፈናቅላ ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ ከልጆቿ ጋር የምትኖር ሴት ናት፤ ልብስ ልታጥብና ሕመምተኛውን ለማገላበጥ ልታግዝ ትመጣለች። ነገሩ እየከፋ ሲሄድ አንድ ቀን አላስችል አላት።

«እትዬ አልታየች፣ እግዜር ያያል» አለች።

«ያኔም ሲያይ ነበር» አለቻት አልታየች። ንጋቷ ያኔ የተባለው መቼ እንደሆነ አታውቅም፤ አልጠየቀችምም።

በፋሲካ ማግስት ማኅደረማርያም አባቷን ልትጠይቅ ከደብረ ሲና መጣች። ተስፋሚካኤልና ሌሎች የድሮ የሥራ ባልደረቦቹም ሊጠይቁት መጡ። አልታየች ወገኔን ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ድረስ ጠቅልላ ደህናውን እጁን ከሥሩ አስገብታው ነበር። ለእንግዶቹ ብስኩት አቀረበች። ሁሉም አመሰገኑ።

«አልታየች፣ ይሄ ሙያ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለ ተስፋሚካኤል፣ ሁለተኛውን እያነሣ።

«ታውቀዋለህ። አልበላኸው እንደሆነ እንጂ አይተኸዋል።»

ተስፋሚካኤል ማኘኩን ቀነስ አደረገ። አልታየች የቀረውን ብስኩት ትሪ ላይ ደረደረችና ወደ ባሏ ሄደች። ነክራ አላጎረሰችውም። ትሪውን በሁለት እጇ ዘርግታ ከአገጩ ሥር ያዘችለት።

«ብላ» አለችው።

ወገኔ እንግዶቹን አንድ በአንድ አየ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ነበር፤ ሆን ብላ አላበላችውም።

«ብላ እንጂ። ፈረስ አይደለህ?»

«እሺ» አለ።

አንገቱን ደፍቶ በከንፈሩ ከትሪው ላይ መልቀም ጀመረ። በሚጣመመው አፉ በኩል ፍርፋሪው እየወረደ ሸሚዙ ላይ ተበተነ። ከዚያ ተስፋሚካኤል ሳቀ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ያን የክርስትና ቀን አስታውሶ ይሁን ደንግጦ አይታወቅም፤ ብቻ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። አልታየች አልሳቀችም። ትሪውን እንዳያዘነብል አስተካክላ ይዛ ነበር።

ማኅደረማርያም ሻይ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ያየችው ይህንን ነው። ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠችና ትሪውን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ያባቷን አፍ በነጠላዋ ጠረገች። እንግዶቹ ምክንያት እየፈለጉ ወጡ።

«ምን አድርጎሽ ነው?» አለች፣ እናቷን ማጀት ይዛት ገብታ።

አልታየች ነገረቻት። ፈረሱን፣ «ገፈራ» መባሏን፣ የአባቷን መርዶ። ማኅደረማርያም እያለቀሰች ሰማቻት።

«በኔ ክርስትና ቀን?»

«ባንቺ ክርስትና ቀን።»

«እማዬ፣ አባባ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።»

«ላንቺማ አልነበረም።»

«ይሁን። ቢሆንም አሁን እኮ ምንም የማይችል ሰው ነው።»

«እኔስ ያኔ ምን እችል ነበር?»

ማኅደረማርያም እንባዋን ጠርጋ ወደ አባቷ ተመለሰች። በማግስቱ ሚኒባስ ተከራይታ አባቷን ደብረ ሲና ይዛው ወረደች። ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ይስማማዋል አለች። አልታየች በር ላይ ቆማ አየቻቸው እንጂ አልከለከለችም።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ያሰበችውን ዕረፍት አላገኘችም። ጠዋት ተነሥታ ወተት ታሞቅና የሚጠጣው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት ታጠፋዋለች። ኦቨኑ አጠገብ ትቀመጣለች። የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። የጠላችው ሰው ሲሄድ ይህን ያህል እንደሚጎድላት ማንም ቢነግራት አታምንም ነበር።

ማኅደረማርያም ይዛው የሄደችው ብስኩት አለቀና ደወለች። «ሌላ ምግብ አልቀበልም ብሏል። ዱቄቱን ላኪልኝ፣ እኔ እጋግርለታለሁ።»

አልታየች ስልኩን ዘግታ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ከጆንያው አጃ ሰፈረችና ንጋቷን ወፍጮ ቤት እንድትሄድ አዘዘቻት። ንጋቷ እህሉን በእጇ ዘገን አድርጋ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄ አልተቆላም እኮ።»

«አስፈጪው።»

«ጋሼ የሚበሉት ከሆነ...»

«አስፈጪው አልኩሽ።»

ዱቄቱ በሚኒባስ ወደ ደብረ ሲና ሄደ። ለጥቂት ቀን ደህና ነበር። ከዚያ በዚያ ሙቀት ውስጥ መምረር ጀመረ። ማኅደረማርያም ማር ጨመረች፣ ቅቤ ለወጠች፣ እሳቱን ቀነሰች። ወገኔ እየቀመሰ ይተፋል፤ አፉን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል። ደወለች።

«መራራ ሆነብኝ እማዬ። ምን አጎደልኩ? ያልነገርሽኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«እጅሽ ይሆናል። መልሰሽ አምጪው፣ እኔ አበላዋለሁ።»

«አላመጣውም።»

በሌላ ቀንም ደወለች፤ ያው ተባባሉ። ልጅቱ እልኸኛ ነበረች፤ እናቷም እንዲሁ። ሁለቱ እልህ ሲጋቡ ወገኔ በመሃል መነመነ። በውኃና በጥቂት ወተት ነበር የሚያድረው። ነሐሴ ላይ ሳል ያዘው፤ ሐኪም ቤት ተወስዶ ጉልበቱ አልቆ ነው ተባለ። በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ላይ አረፈ።

አስከሬኑ በዝናብ ደብረ ብርሃን መጣ። በቀብሩ ላይ ቄሱ ስለ ትዳር አስተማሩና አልታየችን እያመለከቱ «ባሏን እንደ ሕፃን በእጇ እያጎረሰች ያስታመመች» አሏት። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ተስፋሚካኤል አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። በለቅሶው ቤት የመጣ ሁሉ እጇን እየያዘ «ግዴታሽን ተወጥተሻል» ይላታል። «ገፈራ» ያላት አንድም ሰው አልነበረም።

ማኅደረማርያም ስታለቅስ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «አባቴን በእጄ ማብላት ሳልችል፣ በኔ እጅ በረሃብ ሄደ።» ይህን ንጋቷ ጓዳ ሆና ዕቃ እያጠበች ሰማች። ሁለት ቀን ቻለች። በሦስተኛው ማኅደረማርያምን ወደ ጓሮ ጠርታ «ያንቺ እጅ አይደለም። ዱቄቱ ሳይቆላ የተፈጨ ነው። እኔ ነኝ ያስፈጨሁት፣ ታዝዤ» አለቻት።

ማኅደረማርያም ለቀስተኛው እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ እናቷ ፊት ቁጭ አለች።

«ንጋቷ ያለችው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንዲሞት ነው ያሰብሽው?»

«እንዲመለስ ነው።»

«ለምን? ለምን እንዲመለስልሽ ፈለግሽ?»

አልታየች የነጠላዋን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። እሷም ራሷን ብትጠይቅ የምታውቀው አይመስለኝም። ልታስታምመው ይሁን ልታሠቃየው፣ ወይ ሁለቱ በሷ ዘንድ አንድ ሆነው ይሁን፣ ሰው የራሱንም ልብ ሁሌ አያውቅም።

«እጅሽ ነው ያልሽኝ» አለች ማኅደረማርያም በዝግታ። «እሱን እንኳ ተይው። እኔን እጅሽ ነው አልሽኝ።»

ተነሥታ ሻንጣዋን አዘጋጀች። በማግስቱ ንጋቷ እንደወትሮዋ ለሥራ ስትመጣ የግቢው በር አልተከፈተላትም። ብታንኳኳም ከውስጥ መልስ የሰጣት የለም። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት እየዞረች ልብስ ማጠብ ጀመረች።

ለተዝካሩ ማኅደረማርያም የሚያስፈልገውን ሁሉ ላከች፤ ራሷ ግን አልመጣችም። አልታየች ስልክ ስትደውልላት የልጇ ባል ነው የሚያነሣው። ዓመት ሊሞላው ሲል አልታየች ከአንዲት ጎረቤቷ፣ ያቺም ከደብረ ሲና ከመጣ ሰው ሰምታ፣ ማኅደረማርያም ሴት ልጅ እንደወለደች ሰማች። ልጅቱ ክርስትና ከተነሣች ሰንብታለች።

አጃ ቆልታ አስፈጨች። ብስኩት ጋግራ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ሚኒባስ ተሳፈረች። ደብረ ሲና ስትደርስ የቤቱ በር ክፍት ነበር። ማኅደረማርያም ስታያት ከበሩ ላይ ፈቀቅ አለች።

«ደህና ነዎት? ይግቡ» አለቻት።

አልታየች መጀመሪያ ከኋላዋ ሌላ ትልቅ ሰው የመጣ መስሏት ዞር ብላ አየች። ማንም አልነበረም።

ገባች። ማኅደረማርያም ውኃ አስታጠበቻት፣ ምሳ አቀረበችላት። ከመጋረጃው ማዶ ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማል።

«ልያት?» አለች አልታየች።

«ተኝታለች።»

ሕፃኗ ማልቀሷን ቀጠለች። የማኅደረማርያም ባል ተነሥቶ ከመጋረጃው ጀርባ ገባና እሹሩሩ ሲል ተሰማ። አልታየች ጉርሻዋን እንደያዘች ወደ መጋረጃው ታይ ነበር።

«እንጀራ ይጨመርልዎ?» አለች ማኅደረማርያም።

«እኔ ነኝ እኮ፣ ማኅደር። እናትሽ ነኝ።»

«ወጡስ? ይጨመርልዎ?»

«ይበቃኛል» አለች አልታየች።

ከምሳ በኋላ ማኅደረማርያም ያልተፈታውን ቋጠሮ መልሳ አስይዛት እስከ ዋናው መንገድ ሸኘቻት። ጎን ለጎን ሄዱ። የጭነት መኪኖች አቧራውን እያስነሡ ያልፋሉ። ከደሴ በኩል የመጣ ሚኒባስ ሲቆም ማኅደረማርያም በሩን ከፍታ የእናቷን ክንድ ደግፋ አሳፈረቻት። ከዚያ ወደ ረዳቱ ጠጋ ብላ በጥሩ አነጋገር «ወንድሜ፣ እኚህን እናት ደብረ ብርሃን አውርድልኝ» አለችው።